ወዳጄ በቅንፍ ያስቀራቸው ገጾች

የወዳጄ ሙት ዓመት ከወጣ በኋላ ታናሽ እህቱ ደውላ መጻሕፍቱን መጥቼ እንድወስድ ጠየቀችኝ። የጀሞው ኮንዶሚኒየም ጠባብ መሆኑን፣ እናታቸው በግላኮማ ምክንያት ማየት ካቆሙ ወዲህም በመተላለፊያው የተደረደሩት ካርቶኖች እያደናቀፉ እንዳስቸገሯቸው ከነገረችኝ በኋላ፣ «ለማላውቀው ሰው ከምሰጥ አንተ ጋ ቢሆኑ ይሻላል» አለችኝ። በማግስቱ ሄጄ ጭኜ አመጣኋቸው። አብዛኞቹን አውቃቸዋለሁ፤ ከየት እንደተገዙ፣ ስንት እንደተከራከርንባቸው፣ የትኛው ከማን ቤት ተውሶ እንዳልተመለሰ ጭምር አውቃለሁ።

ያላወቅሁት ነገር ያጋጠመኝ የበዓሉ ግርማን ልብ ወለድ፣ የ«ኦሮማይ»ን ቅጂ ስገልጥ ነው። ከመካከለኛው ክፍል ጀምሮ በእርሳስ የተሠሩ ቅንፎች አሉበት፤ ቀጭን፣ ተጠንቅቆ የተሠሩ፣ አንዳንዱ ግማሽ ገጽ የሚይዝ፣ አንዳንዱ ደግሞ እዚህ ተከፍቶ ከብዙ ገጽ በኋላ የሚዘጋ ቅንፍ። ወዳጄ መጽሐፍ ላይ የሚጽፍን ሰው አምርሮ የሚጠላ ሰው ነበር። ለገሃር ወይም መርካቶ አሮጌ መጽሐፍ ሲያገላብጥ በቀይ ቢክ የተሰመረበት ገጽ ካጋጠመው፣ ምንም ያህል ሲፈልገው የኖረ መጽሐፍ ቢሆን መልሶ ያስቀምጠው ነበር። የእርሱን መጽሐፍ የተዋሰ ሰው ገጽ አጥፎ ከመለሰለት ደግሞ ወዳጅነቱ እዚያው ላይ ያበቃል። ስለዚህ ቅንፎቹ የእርሱ አይደሉም ብዬ ለማሰብ ሞክሬ ነበር። ይሁን እንጂ ከአንዳንዶቹ ግርጌ፣ በነጩ ቦታ ላይ፣ በደንብ በማውቀው የእጅ ጽሑፉ፣ ፊደሉ እንደ ጤፍ የደቀቀ አንድ ወይም ሁለት ዐረፍተ ነገር ተጽፏል።

ከአእምሮዬ አልወጣ ያሉት እነዚህ ዐረፍተ ነገሮች ናቸው፤ ምክንያቱም ሐሰት ናቸው። አንደኛው ስለ ዋናው ገጸ ባሕርይ «ፀጋዬም ሥራውን ፈጽሞ ወደ አስመራ ተመለሰ፤ ዝናቡም አባርቶ ነበር» ይላል፤ እዚያ ቦታ ላይ በመጽሐፉ ውስጥ የሚሆነው ግን ይህ አይደለም። ሌላ ገጽ ላይ በውጊያ ስለሚሞት አንድ መኮንን «ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ አገር ተላከ» ተብሎ ተጽፏል። ከዚያም ሰዎች የዚያን ሰው ስም በሐዘን በሚያነሱበት ቦታ አንድ ቃል በእርሳስ ተሰርዞ በላዩ ሌላ ቃል ተተክቷል። መጽሐፉን በቃሉ ሊወጣው ጥቂት የቀረው ሰው ለምን ስለ መጽሐፉ ሐሰት ይጽፋል?

ሳንሱርን የሚጠላው ሰው

የተዋወቅነው ወመዘክር ንባብ ክፍል ውስጥ፣ ደርግ በወደቀ ማግስት፣ ሁለታችንም ሥራ ፈት በነበርንበት ጊዜ ነው። መግዣ ስላልነበረን መጽሐፍ ለአንድ ሌሊት እንከራይና እነርሱ ቤት አድረን በፈረቃ እናነብ ነበር፤ እርሱ እስከ እኩለ ሌሊት፣ እኔ ከዚያ እስኪነጋ። ያን ጊዜ ቤታቸው አራት ኪሎ ነበር፤ ሰፈሩ ፈርሶ ጀሞ የገቡት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ጠዋት እናቱ ቁርስ ሲያቀርቡ እኛ በእንቅልፍ እየተንገዳገድን ስለ ገጸ ባሕርያት እንጨቃጨቃለን። እናቱ ፊደል የቆጠሩት ትልቅ ሰው ከሆኑ በኋላ፣ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ስለዚህ የንባብን ዋጋ ከእኛ ይልቅ እርሳቸው ያውቁት ነበር፤ ክርክራችንን ገትተውብን አያውቁም።

«ኦሮማይ»ንም ያነበብነው በዚሁ መንገድ ነው። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታትሞ ብዙ ሳይቆይ ከገበያ መሰብሰቡን፣ በዓሉ ግርማ ከሥራው መባረሩን፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ መቅረቱን የማያውቅ የአማርኛ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ወዳጄ ግን ይህን ታሪክ እንደ ቅርብ ዘመዱ ታሪክ አድርጎ ነበር የሚያወራው። ሳንሱር ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለው የሰው ድርሰት ይሰርዙ የነበሩ ሰዎችን ሲያነሳ ፊቱ ይለዋወጣል። «የደራሲን ዐረፍተ ነገር የሚሰርዝ ሰው ከሌባ አይሻልም፤ ሌባ እንኳ የሰረቀውን ለራሱ ይጠቀምበታል» ይል ነበር። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ወጥቶ ሳንሱር መቅረቱ ሲታወጅ፣ ተበድሮ ጠጅ ጋብዞኛል። ብድሩን የከፈልኩት እኔ ነበርኩ፤ ይህን እዚህ ላይ ማንሳቴ እርሱ ቢኖር ያስቀው ስለነበር ነው።

በመጽሐፉ ላይ ግን አልተስማማንም። እኔ የፊያሜታና የፀጋዬ ፍቅር ደስ ይለኝ ስለነበር ከሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነው ስል፣ እርሱ ደግሞ ያንን ለተራ አንባቢ የተጣለ ማባበያ ነው ብሎ ያጣጥለዋል። ለእርሱ የመጽሐፉ ልብ በኤርትራ የናቅፋ ተራሮች ላይ የሚደረገው ውጊያ ነበር። በዓሉ ራሱ በ1974 ዓ.ም. በኤርትራ አማፅያን ላይ በተከፈተው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ወቅት አስመራ ላይ በፕሮፓጋንዳው ሥራ ተሰማርቶ የነበረ በመሆኑ፣ በገዛ መንግሥቱ ወገን ቆሞ ያየውን ጥፋት እንዳየው መጻፉ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ወደር የሌለው ድፍረት ነው ባይ ነበር። እንዲህ ስለሚያስብ፣ ቅንፎቹን በመጀመሪያ ያየኋቸው ጊዜ የወደዳቸውን ገጾች ለይቶ ይሆናል ብዬ አልፌያቸው ነበር፤ በእርግጥም የተከበቡት በአብዛኛው የውጊያ ገጾች ናቸው። የሐሰት ዐረፍተ ነገሮቹን ግን ይህ ግምት አይመልስልኝም።

«ይኼ ውጊያ ከየት መጣ?»

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እናቱን ልጠይቅ ሄድኩ። መጽሐፉ በቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ታክሲ ላይ እንደገና እያነበብኩት ነው የሄድኩት። እህቱ ቡና እያፈላች ነበር። አቦሉ ተጠጥቶ ጨዋታችን ሲቀዘቅዝ፣ ሳላስበው መጽሐፉን አውጥቼ ሳገላብጥ እናቱ የወረቀቱን ድምፅ ሰሙና አንገታቸውን ወደ እኔ መለሱ።

«ምንድን ነው የያዝከው?»

«‹ኦሮማይ› ነው፣ እማማ።»

ፊታቸው ፈካ። ልጃቸው ዐይናቸው ከደከመ ጀምሮ ማታ ማታ ያነብላቸው እንደነበር፣ ከሁሉም «ኦሮማይ»ን አብልጠው እንደወደዱት፣ ደግሞ ደጋግሞ እንዳነበበላቸው፣ ለመጨረሻ ጊዜ ሲጀምረው ግን ታሞ መሐል ላይ እንደቀረ ነገሩኝ። ማታ እንደሚያነብላቸው እኔ አላውቅም ነበር። በሳምንት ሁለት ሦስቴ እየተገናኘን፣ ስላነበበው ሁሉ እየነገረኝ፣ ይህችን አንዲቷን ነገር ለራሱ አስቀርቷት ኖሯል። «እስኪ አንተም ትንሽ አንብብልኝ፤ ልጅቷ ካለችበት» አሉኝ።

ጮክ ብሎ ለሰው ማንበብ ለራስ እንደ ማንበብ አይደለም፤ መጀመሪያ ላይ ተንተባተብኩ። እናቱ ደግሞ ቀላል አድማጭ አይደሉም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ የሰሙ በመሆናቸው የአንባቢ መለኪያቸው እርሱ ነው፤ ወዳጄንም እንኳ «የፊታውራሪ መሸሻ ድምፅ አይሆንልህም» እያሉ ይነቅፉት እንደነበር አጫወቱኝ። እኔንም ሁለት ጊዜ አቋርጠው፣ አንዴ ፍጥነቴን እንድቀንስ፣ አንዴ ደግሞ ሴቷ ስትናገር እንደ ወንድ እንዳላስጮሃት አስጠነቀቁኝ። ከዚያ በኋላ ድምፄን አገኘሁት። እየለመድኩት ስሄድ ገጾቹ በራሳቸው መገለጥ ጀመሩና የቅንፉን መክፈቻ ሳላስተውለው አለፍኩት።

ምናልባት አንድ አንቀጽ አንብቤያለሁ። ወታደሮቹ ወደ ተራራው ሲንቀሳቀሱ፣ መሣሪያው መጮህ ሲጀምር፣ እናቱ እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ፣ ቆይ። ይኼ ውጊያ ከየት መጣ?»

ጥያቄው አልገባኝም። «መጽሐፉ ላይ ያለ ነው፣ እማማ» አልኳቸው።

«የለም። መጽሐፉ ላይ ውጊያ የለም። ስንት ጊዜ ነው ያነበበልኝ፣ አላውቀውም እንዴ? ገጽ ተሳስተህ ይሆናል። እዚህ ጋ ልጁ ሥራውን ይፈጽምና ወደ አስመራ ይመለሳል፤ ዝናቡም አባርቷል።»

ዐይኔ ወደ ገጹ ግርጌ ወረደ። በእርሳስ የተጻፈው ዐረፍተ ነገር እዚያው ነበር፤ እርሳቸው በቃላቸው ያሉት፣ ዝናቡ ሳይቀር፣ ቃል በቃል እርሱ ነው።

እህቱ ከረከቦቱ ቀና ብላ አየችኝ። ምን እንደ ተረዳሁ የተረዳች አልመሰለኝም፤ እኔ ግን ያን ጊዜ ታላቅ ወንድማቸውን አሰብኩ። ወንድማቸው በብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከዘመተ በኋላ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር፤ አፋቤት በመጋቢት 1980 ዓ.ም. ከወደቀች ወዲህ ግን ደብዳቤው ቀረ። የመንግሥት ወረቀት አልመጣላቸውም። ከደርግ ውድቀት በኋላ ምርኮኛው ሁሉ ሲመለስ እርሱ ሳይመለስ ሲቀር፣ ዕድርተኛው መክሮ ድንኳን ተተከለና ተለቀሰ። ወዳጄ ይህን የነገረኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለተኛ አንስቶትም አያውቅ፣ እኔም ጠይቄው አላውቅም። «ሁሉን ቢናገሩት ሆድ ባዶ ይቀራል» ይባል የለ።

ስለዚህ ያነበብኩት የእርሱን ዐረፍተ ነገር ነው። ላድርግ አላድርግ ብዬ አልመከርኩበትም፤ አፌ አደረገው። «ፀጋዬም ሥራውን ፈጽሞ ወደ አስመራ ተመለሰ፤ ዝናቡም አባርቶ ነበር።» እናቱ ራሳቸውን ነቀነቁና «አዎ፣ እሱ ነው» አሉ። እኔ ቅንፉ የሚዘጋበትን ገጽ ፈልጌ ቀጠልኩ።

የተዛወሩ ሰዎች

ቤቴ ከገባሁ በኋላ ቅጂውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሌላ መጽሐፍ እንደማነብ ሆኜ አነበብኩት፤ በእርግጥም ሌላ መጽሐፍ ነበር። ወዳጄ ከ«ኦሮማይ» ውስጥ ጦርነቱን ነቅሎ አውጥቶ የአስመራን መጽሐፍ አስቀርቶላቸዋል፤ ጎዳናው፣ ቡና ቤቱ፣ የባለሥልጣናቱ ጭቅጭቅ፣ ከሁሉም በላይ የፀጋዬና የፊያሜታ ፍቅር። ማባበያ ነው ብሎ ሲያጣጥለው የኖረውን ክፍል ጠብቆ፣ የመጽሐፉ ልብ ነው የሚለውን አውጥቷል። ይህን ሲያደርግ ምን ያህል እንደከበደው የማውቅ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፤ እነዚያን ገጾች ከጠጅ ብርሌ ጋር እየጨበጠ በቃሉ ሲወጣቸው ሰምቼዋለሁና።

ሥራው ደግሞ ከሚመስለው በላይ አስቸጋሪ ነው። ገጽ መዝለል ማንም ይዘላል፤ ከዝላዩ በኋላ የሚመጣው ነገር ከበፊቱ ጋር እንዲያያዝ ማድረግ ግን የደራሲ ሥራ ነው። አንድ ሰው በተዘለለው ገጽ ውስጥ ከሞተ፣ ከሃምሳ ገጽ በኋላ ለምን እንደማይታይ ምክንያት ያስፈልጋል። ወዳጄ ለእያንዳንዱ ምክንያት አበጅቶለታል። በእርሱ እርሳስ ማንም አልሞተም። አንዱ ለትምህርት ተልኳል፣ አንዱ ወደ ሐረር ተዛውሯል፣ አንዱ ደግሞ ጡረታ ወጥቶ አገሩ ገብቷል፤ ይህኛው እንዲያውም ለጡረታ የሚያበቃ ዕድሜ ላይ እንዳልሆነ መጽሐፉ አስቀድሞ ስለሚናገር፣ ያንን ቦታ ተመልሶ ሄዶ ዕድሜውን በእርሳስ ከፍ አድርጎለታል። አዲስ አበባ የምትጠብቀው እጮኛ ስለ ጦርነቱ ትጨነቅ በነበረበት ቦታ ስለ ሥራ ብዛት ትጨነቃለች። በሌሎች መጻሕፍትም ላይ ተመሳሳይ ነገር አገኘሁ፤ በአንድ የአጫጭር ልብ ወለዶች ስብስብ ውስጥ ለአንዲት እናት መርዶ የሚነገርበት ታሪክ ከርዕሱ እስከ መጨረሻው ቅንፍ ውስጥ ገብቷል። «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ ግን አንዲትም ቅንፍ የለችም፤ ያንን ከሬዲዮ ስለሚያውቁት ማንም ሊያታልላቸው አይችልም። የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር መጻሕፍትም ንጹሕ ናቸው፤ ለእነርሱ በቂ ቅንፍ ስለማይገኝ፣ ለእናት ማንበቡን ጨርሶ ሳይተወው አልቀረም።

«አደፍርስ» ላይ ያለው ደግሞ ለየት ይላል። እዚያ ቅንፍ የለም፤ በየዳርቻው ላይ የከባድ ቃላት ፍቺ ተጽፏል። ዳኛቸው ወርቁ በዚያ መጽሐፍ ያስገባውን የገጠር አማርኛ እኔና እርሱ ግማሹን በግምት ነበር ያለፍነው። እናቱ ግን የዚያው የሰሜን ሸዋ ሰው ናቸው። እርሱ ያነባል፣ እርሳቸው ይተረጉማሉ፣ እርሱ ይጽፋል። ስለዚህ በዚያ ቤት ማታ ማታ የሚደረገው ነገር ልጅ እናቱን መጦር ብቻ አልነበረም።

ስለ ዐረፍተ ነገሮቹ ጥራት አንድ ነገር ልበል። «የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው» እንደሚባለው፣ ወዳጄ ያልታየ ታላቅ ደራሲ ነበር ብዬ ልጽፍ እችል ነበር፤ አልነበረም። በወጣትነቱ የጻፋቸውን ሁለት አጫጭር ታሪኮች አንብቤያለሁ፤ የተንዛዙና በቅጽል የታጨቁ ነበሩ፤ እርሱም ያውቀው ስለነበር መጻፉን ተወው። ከቅንፎቹ ግርጌ ካሉትም አንዳንዶቹ ይህንኑ ጠባይ ይዘዋል፤ አንዱ ላይ ጀንበር ስትጠልቅ ሦስት ቅጽል ደርድሮላታል። ነገር ግን ጥቂቶቹ፣ ከእነርሱም መካከል ያቺ የዝናቧ፣ በዓሉ ራሱ እንደጻፋቸው ሆነው ያልፋሉ። አጭር፣ ምንም የማይፈልጉ፣ አንባቢውን ከዚህ ዳር ወደዚያ ዳር አሻግረው የሚጠፉ ናቸው። በሕይወቱ የጻፈው ጥሩ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ አንባቢውም አንድ ሰው ብቻ ነበር።

እህቱ ያለችኝ

በሚቀጥለው እሑድ እናቱ ከመነሳታቸው በፊት ለእህቱ ቅንፎቹን አሳየኋት። የሚያስደስታት መስሎኝ ነበር። ገጾቹን ዝም ብላ ካየች በኋላ መጽሐፉን ዘግታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ማን ፈቀደለት?» አለች። «እማዬ ልጅ አይደለችም። ልጇን ቀብር ሳታይ የቀበረች ሴት ናት። ስለ ጦርነት ከእሱም ካንተም የበለጠ የምታውቀው እሷ ናት። የራሱን ፍርሃት ነው የቀነፈው።»

መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም ሙሉ መልስ የለኝም። ሳንሱርን ሲያወግዝ የኖረ ሰው፣ ሳንሱር ያጠፋውን የመጽሐፍ ደራሲ እንደ ዘመዱ ሲያለቅስ የኖረ ሰው፣ ያንኑ መጽሐፍ በገዛ ቤቱ ቀንሶና ለውጦ ማንበቡ ምን ይባላል? ልዩነት አለው ማለት እችላለሁ። ሳንሱር ክፍሉ የሚሰርዘው ለራሱ ሥልጣን ነው፣ በቀለም ነው፣ ለሁሉም ሰው ነው፤ እርሱ ግን ለአንድ አድማጭ፣ ለአንድ ክፍል፣ በላጲስ ሊጠፋ በሚችል እርሳስ አደረገው። አንድም ቃል ከሥር አልሰረዘም፤ የተለወጡትም ቃላት ከእርሳሱ በታች ይነበባሉ። የመጽሐፉን ክብር ጠብቋል ማለት ነው። ይሁንና የሳንሱር ሠራተኞቹም «ለሕዝቡ አስበን ነው» ይሉ ነበር። ሰው ምን መስማት እንደሚችል እኔ አውቅለታለሁ የሚለው አስተሳሰብ፣ ከፍቅርም ቢመነጭ ያው አስተሳሰብ ነው። ወዳጄን ይህን ብጠይቀው ምን ይመልስልኝ እንደነበር ለመገመት ብዙ ሞክሬያለሁ። ከእርሱ ጋር ሠላሳ ዓመት ያህል ስለተከራከርኩ አብዛኛውን ጊዜ መልሱን አስቀድሜ አውቀው ነበር፤ የዚህን ግን አላውቀውም።

የእህቱ የመጨረሻ አባባል ግን ውስጤ ቀርቷል። እውነት ይሆናል። ምናልባት ሊያነበው ያልቻለው እርሱ ነበር። እኔ ፊት፣ ጠጅ ቤት ውስጥ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ በቃሉ ሊወጣው የሚችለውን ገጽ፣ የወንድሙን ደብዳቤ ሲጠብቁ በኖሩት ሴት ፊት ከአፉ ማውጣት አቅቶት ይሆናል። እዚያ ቦታ ላይ ደርሶ ድምፁ ከሚሰበር፣ ወታደሮቹን ሁሉ ወደ ሐረር ማዛወር ቀልሎት ይሆናል። ያ ከሆነ ቅንፎቹ የተሠሩት ለሁለት ሰው ነው። ወዳጄን በሕይወቱ ሳለ በዚህ በኩል አላየሁትም። በመጽሐፍ ጉዳይ ጮክ ብሎ የሚናገር፣ የማይበገር፣ ሲሸነፍ እንኳ የማያምን ሰው አድርጌ ነው የማውቀው፤ ከዚህ በኋላ «ኦሮማይ»ን ስከፍት ከዚያ ሰው ጋር ሌላም ሰው አብሮት ይቀመጣል።

ሁለቱ ንባቦች

በመጨረሻ ለእናቱ ነገርኳቸው። የእህቱ ክርክር አሸንፎኝ ብቻ አይደለም፤ የሌላ ሰው እናት ዐይን ስለማያይ ብቻ እያወቅሁ የማታልልበት መብት ስላልነበረኝ ነው። እርሱ ልጃቸው ነው፤ እኔ እንግዳ ነኝ። እንዲህ አልኳቸው፦ መጽሐፉ ውስጥ እርሱ ያላነበበልዎ ገጾች አሉ፤ ስለ ናቅፋ ውጊያ ናቸው፤ በእርሳስ ለይቷቸዋል፤ እርስዎ እንደፈለጉ ላድርግ።

ለጥቂት ጊዜ በነጠላቸው ጫፍ ሲጫወቱ ቆዩ። ከዚያም «ብዙ ናቸው?» ብለው ጠየቁ። ብዙ እንደሆኑ ነገርኳቸው። «ሲያነብ ወረቀቱ አንዳንዴ ብዙ ይንኮሻኮሽ ነበር» አሉ። አላለቀሱም፤ አልተቆጡምም። እንደ ሥራ ጉዳይ አድርገው ነው የያዙት።

«እንግዲያው መጀመሪያ እሱ የጀመረልኝን ጨርስልኝ፣ እሱ እንዳነበበው አድርገህ። ከዚያ ወዲያ ደራሲው የጻፈውን ታነብልኛለህ።»

እንዳሉት አደረግን። የእርሱን ንባብ ከቀረበት ቦታ አንስቼ፣ ቅንፎቹን እየዘለልኩ፣ ዐረፍተ ነገሮቹን በየቦታቸው እያስገባሁ ጨረስኩላቸው። እየቆየሁ ስሄድ የትኛው ድልድይ የት እንዳለ ስላወቅሁ ወደ ግርጌው ማየት እንኳ አላስፈለገኝም። እናቱ አንዳንድ ጊዜ ከእኔ ቀድመው ይሉታል። ቅጽሎቿ የበዙትን ጀንበር ሳነብ «ይቺን ይወዳታል» አሉኝ፤ እኔ ከሁሉ የጠላኋትን።

አሁን በሁለተኛው ንባብ ላይ ነን። በቅንፍ ያሉት ገጾች ሲደርሱ አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ፤ እርሳቸውም «አንብብ» ይላሉ። አንዳንዴ ሁለት ገጽ አንብበን ለዚያ ቀን ይበቃናል። እህቱ ከሥራ ቀድማ ከመጣች አብራን ትቀመጣለች፤ መጽሐፍ አላነብም ያለችው ሴት አንድ ቀን ስቀር ደውላ ወቅሳኛለች። እናቱ ስለ ቦታዎቹ ይጠይቁኛል፤ ናቅፋ ከአፋቤት ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ተራራው ዛፍ እንዳለው፣ ሌሊቱ ብርድ እንደሆነ። የማውቀውን እመልሳለሁ፤ የማላውቀውን ከካርታ ፈልጌ እመጣለሁ።

ባለፈው እሑድ ለትምህርት ወደ ውጭ አገር የተላከው መኮንን የሚሞትበት ገጽ ላይ ደረስን። እስከ መጨረሻው ሳላቋርጥ አነበብኩና ቆምኩ። እናቱ ስሙን እንድደግምላቸው ጠየቁኝ፤ ደገምኩላቸው።

«እኔስ» አሉ፣ «ትምህርቱ አላልቅ ማለቱ ገርሞኝ ነበር።»